ባስትናሳይት ከካልሳይትና ከባራይት አልለይ አለኝ፦ ጥፋቱ የኦሌቱ ነው ወይስ የገጹ?

ጉጉ_ሜታለርጂስት

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የካርቦናታይት (ካርቦኔት የበዛበት ድንጋይ) ናሙና ላይ የቤንች ፍሎቴሽን፣ ማለትም የሚፈለገውን ማዕድን በአየር አረፋ አንሳፎ የመለየት ሙከራ፣ እየሠራሁ ነው። ማዕድኑ የካሊፎርኒያውን ማውንቴን ፓስ ይመስላል፤ የምፈልገው የሬር ኧርዝ ማዕድን ባስትናሳይት፣ ብዙ ካልሳይት (ካልሲየም ካርቦኔት)፣ ባራይት (ባሪየም ሰልፌት)፣ ትንሽ ዶሎማይትና ኳርትዝ አለው። መነሻ ግሬዱ (የሚፈለገው ይዘት) 7 በመቶ የሬር ኧርዝ (እንደ ሴሪየምና ላንታነም ያሉ ብረታ ብረቶች) ኦክሳይድ ነው።

አሠራሬ ይኸውና፦ 1 ኪሎ ናሙና በብረት ኳስ ወፍጮ ይፈጫል፣ 80 በመቶው ከ75 ማይክሮን በታች። 2.5 ሊትር ሴል፣ የቧንቧ ውሃ፣ 22 ዲግሪ። ፒኤች 9 ድረስ በኮስቲክ ሶዳ አነሳለሁ። ሶዲየም ሲሊኬት 1500 ግራም በቶን አድርጌ 5 ደቂቃ፣ ኮሌክተሩን (ማዕድኑን ከአረፋው ጋር የሚያያይዘውን ኬሚካል) ሶዲየም ኦሌት 800 ግራም በቶን ጨምሬ 3 ደቂቃ አማስላለሁ። ከዚያ አየር ከፍቼ 6 ደቂቃ አረፋ እገፍፋለሁ።

ውጤቱ የሚያበሳጭ ነው። የናሙናው ክብደት 60 በመቶ ከአረፋው ጋር ይወጣል፣ የኮንሰንትሬቱ (ከአረፋው የተሰበሰበው ምርት) ግሬድ ግን 10.5 በመቶ ብቻ ነው። ኦሌቱን ስቀንስ ሁሉም አብሮ ይወርዳል፣ ስጨምር ሁሉም አብሮ ይወጣል።

ዜታ ፖቴንሻልም (የቅንጣቶቹን የገጽ ቻርጅ የሚያሳየውን ቁጥር) ለክቻለሁ። በፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ሦስቱም ማዕድናት ፒኤች 9 ላይ ኔጌቲቭ ናቸው። ታዲያ ኔጌቲቭ የሆነው ኦሌት ኔጌቲቭ ገጽ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ወደ አሚን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ወዳለው ኮሌክተር) ልዙር? ማውንቴን ፓስ ላይ ፐልፑን (የተፈጨውን ማዕድንና የውሃውን ድብልቅ) በእንፋሎት ያሞቁ ነበር ይባላል፤ እሱስ ግዴታ ነው?

ኬሚስቷ

አሚኑን እርሳው። ሦስቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ አሚን ሦስቱንም ይይዛል፣ ኳርትዙንም ይጨምርልሃል።

ኦሌት ባስትናሳይት ላይ የሚቀመጠው በቻርጅ ስበት ሳይሆን በኬሚካል ትስስር ነው። ገጹ ላይ ያለው ሴሪየምና ላንታነም ውሃ ሲያገኝ ሃይድሮክሳይድ ያዘለ አዮን ይሆናል። ፒኤች ከ8 እስከ 9.5 ባለው ክልል እነዚህ አዮኖች ይበረክታሉ፣ የኦሌቱ ካርቦክሲል ጫፍም እነሱን ይጨብጣል። ትስስሩ ከቻርጁ ግፊያ ስለሚበረታ የገጹ ኔጌቲቭ መሆን አያግደውም። ባለህ መሣሪያ ልታረጋግጠው ትችላለህ። ንጹህ ባስትናሳይት ፒኤች 9 ላይ መጀመሪያ ያለ ኦሌት፣ ቀጥሎ ከኦሌት ጋር ለካ። ኔጌቲቭ የነበረው ይባሱን ኔጌቲቭ ከሆነ ኮሌክተሩ ግፊያውን ተቋቁሞ ተቀምጧል ማለት ነው።

በዜታ ቁጥር ግን ፒኤች ለመምረጥ አትሞክር። ባስትናሳይት ቻርጁ ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች ከ4.6 እስከ 9.3 ድረስ ተዘግቧል። ያን ያህል የተራራቀው ለካዮቹ ስለማይችሉ አይደለም። ማዕድኑ በጥቂቱ የሚሟሟ ስለሆነ ቻርጁን የሚወስኑት ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሳይድ ብቻቸውን አይደሉም፤ ካርቦኔት፣ ባይካርቦኔት፣ ፍሎራይድና ራሱ የሬር ኧርዝ አዮኑም ይገቡበታል። ናሙናው ውሃ ውስጥ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ከአየሩ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገባ፣ በምን ታጠበ፣ ሁሉም ቁጥሩን ያነቃንቁታል። አንተ የለካኸው ንጹህ ማዕድን በንጹህ ጨው ውሃ ውስጥ ነው። ሴልህ ውስጥ ያለው ግን የካልሳይት ውሃ ነው። ከእውነተኛው ፐልፕ ላይ የጠለለውን ውሃ ወስደህ ሦስቱን ማዕድናት በየተራ እሱ ውስጥ ለካቸው፤ ቁጥሮቹ ተቀራርበው ታገኛቸዋለህ።

ችግርህም እዚሁ ላይ ነው። ከካልሳይቱ የሟሟ ካልሲየም ባስትናሳይቱ ላይ ይለጠፋል፣ ከባስትናሳይቱ የወጣ ሬር ኧርዝም ካልሳይቱ ላይ ይለጠፋል፤ ኦሌቱ ሲደርስ ሁለቱ ገጾች ተመሳስለው ይጠብቁታል። በዚያ ላይ የቧንቧ ውሃ አለ። በሊትር 100 ሚሊግራም ካልሲየም አለው እንበል፣ ይህ 2.5 ሚሊሞል ነው። ሴልህ ውስጥ 2.2 ሊትር ያህል ውሃ ስለሚገባ 5.5 ሚሊሞል ካልሲየም ይዘሃል። 800 ግራም በቶን ማለት 0.8 ግራም ኦሌት ነው፣ 2.6 ሚሊሞል ብቻ። አንድ ካልሲየም ሁለት ኦሌት ስለሚይዝ ውሃው ብቻውን ካለህ ኦሌት ከአራት እጥፍ በላይ ሊበላ ይችላል። የካልሲየም ሳሙናው በቅንጣት መልክ ይዘንብና በየማዕድኑ ላይ ያለ አድልዎ ይቀመጣል። ኦሌት ስትቀንስም ስትጨምርም ሁሉም አብሮ የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው።

ኮስቲክ ሶዳ ፒኤቹን እንጂ ካልሲየሙን አይነካውም። በሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ቀይረው። ሶዳ አሽ ፒኤቹን እያነሳ ካልሲየሙን ካርቦኔት አድርጎ ያወርደዋል። 3 ግራም ሶዳ አሽ 28 ሚሊሞል ነው፣ ከበቂ በላይ።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ሥራው ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከሆነ። የዚያ አገር ውሃ፣ ከሐይቆቹ የሚወጣው ሶዳም ጭምር፣ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። ፍሎራይድ ሲበዛ የካልሳይቱ ገጽ ወደ ፍሎራይትነት ይቀየራል፣ ፍሎራይት ደግሞ በኦሌት ሲንሳፈፍ ማንም አይቀድመውም። ስለዚህ ካልሲየሙን ብቻ ሳይሆን ፍሎራይዱንም አስለካ።

አረፋ_ገፋፊ

ኬሚስቷ ያለችው ልክ ነው። እኔ ሂሳቡን በግራም ላስቀምጥልህ።

የባስትናሳይት 75 በመቶ ገደማው ሬር ኧርዝ ኦክሳይድ ነው። 7 በመቶ ግሬድ ያለው 1 ኪሎ ናሙና ስለዚህ 93 ግራም ያህል ባስትናሳይት ነው ያለው። አንተ 600 ግራም እየገፈፍክ ነው! ሪከቨሪህ (ናሙናው ውስጥ ካለው ሬር ኧርዝ የያዝከው ድርሻ) 90 በመቶ ነው፤ ያ ግን ሁሉንም ስላነሳህ እንጂ ስለለየህ አይደለም። ማውንቴን ፓስ በድሮው አሠራር የሚያገኘው 60 በመቶ ኮንሰንትሬት ከ65 እስከ 70 በመቶ ሪከቨሪ ነበር። በአንተ ናሙና ይህ ማለት ከኪሎው ከ76 እስከ 82 ግራም ገደማ ብቻ ማውጣት ነው። ከማጽጃው በፊት ባለው መጀመሪያ አረፋ 250 ግራም ከወጣ ይበቃሃል። ሰዓት እየቆጠርክ ከምትገፍፍ የአረፋውን ቀለም እያየህ ግፈፍ፤ ባስትናሳይቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነጭና ተሰባሪ አረፋ ካልሳይት ነው።

የማውንቴን ፓስ የድሮ መጠኖች በቶን እነዚህ ነበሩ፦ ሶዳ አሽ ከ2.5 እስከ 3.3 ኪሎ፣ ሶዲየም ፍሎሲሊኬት 0.4 ኪሎ፣ አሞኒየም ሊግኖሰልፎኔት ከ2.5 እስከ 3.3 ኪሎ፣ ቶል ኦይል ፋቲ አሲድ 0.3 ኪሎ። ኮሌክተሩን (ቶል ኦይሉን) ከዲፕሬሳንቱ (የማይፈለገው እንዳይንሳፈፍ ከሚያደርገው ሊግኖሰልፎኔት) ጋር አስተያየው፤ አንድ አሥረኛ ነው። አንተ ጋ 800 ግራም ኮሌክተር ያለ ባራይት ዲፕሬሳንት ነው የገባው። ሲሊኬቱ ኳርትዙን ይይዝልሃል፣ ባራይቱን ግን ብዙም አይነካው።

ለ1 ኪሎ ናሙና እንዲህ አድርገው። የተፈጨውን ከግማሽ ሊትር ውሃ ጋር አይዝጌ ብረት ማሰሮ ውስጥ አድርገህ ሙቅ ሳህን ላይ ጣደው። ከላይ በቀላቃይ በደንብ ይማሰል፣ አለዚያ ባራይቱ ታች ይጋገራል። 60 ዲግሪ ሲደርስ ሶዳ አሹን ጨምር፣ 10 በመቶ ሙሙት ከሆነ 30 ሚሊ ሊትር። እስከ 85 ዲግሪ እያነሳህ 10 ደቂቃ ቆይ። ቀጥሎ ፍሎሲሊኬቱ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ፍሎሲሊኬት ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ በክፍል ሙቀት በሊትር 7 ግራም ገደማ ብቻ ነው። 5 በመቶ ሙሙት አዘጋጀሁ የሚል ሰው ታች የቀረውን ዱቄት አላየም ማለት ነው። 0.5 በመቶ አድርገህ 80 ሚሊ ሊትር ጨምር፣ 5 ደቂቃ። ከዚያ ሊግኖሰልፎኔት በ10 በመቶ ሙሙት 30 ሚሊ ሊትር፣ ወደ መፍላት አስጠግተህ 10 ደቂቃ። ቶል ኦይሉ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። 1 በመቶ አድርገህ በጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ሳሙና አድርገው፣ 30 ሚሊ ሊትር ጨምር፣ 5 ደቂቃ። ሁሉም ሲገባ ፐልፑ 60 በመቶ ገደማ ጠጣር ይሆናል፣ ለማማሰል ጥሩ ውፍረት ነው። የተነነውን በሙቅ ውሃ ተካ። ከዚያ ወደ ሴሉ ገልብጠህ በሙቅ ውሃ አቅጥነህ አንሳፍ።

ቅደም ተከተሉን አታዛባ። ሊግኖሰልፎኔቱ ባራይቱና ካልሳይቱ ላይ ቦታ ይዞ መጠበቅ አለበት። ኮሌክተሩ ቀድሞ ከገባ ማስለቀቅ አይቻልም።

ሙቀቱ ለምን? ኦሌትም ሆነ ሃይድሮክሳሜት (ሌላ ዓይነት ኮሌክተር) በኬሚካል ትስስር ሲቀመጡ ሙቀት ይወዳሉ። የበርክሌዎቹ ፕራዲፕና ፉርስተናው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዳሳዩት በሃይድሮክሳሜት ሲሠራ ሙቀት ሲጨምር የሚቀመጠው ኮሌክተር በሦስቱም ማዕድናት ላይ ይጨምራል፣ ባስትናሳይት ላይ ግን ጭማሪው ይበልጣል። ልዩነቱ የሚሰፋው እዚያ ላይ ነው። ካልሳይት ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ጨዎች አይደለም፤ ውሃው ሲሞቅ የሚሟሟው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ካልሲየሙም ይረጋጋል።

ፒኤቹ ከ8.8 እስከ 9 ይሁን። በሙቅ ፐልፕ ላይ ያነበብከውን ከቀዝቃዛ ንባብ ጋር አታወዳድር። የሜትሩ የሙቀት ማስተካከያ የኤሌክትሮዱን ስህተት ነው የሚያርመው፣ የውሃውን የራሱን ለውጥ አይነግርህም። ትንሽ ቀድተህ 25 ዲግሪ አቀዝቅዘህ ለካና ሁልጊዜ በዚያው መዝግብ።

ፍሎሲሊኬት መርዝ ነው። ከአሲድ ጋር ከተገናኘ የሃይድሮጅን ፍሎራይድ ጋዝ ያወጣል። አሲድ ከምትሠራበት ጠረጴዛ አርቀው፣ ሁሉንም በጭስ መሳቢያ ሥር ሥራ።

ወፍጮ_ቤት

ሁላችሁም ስለ ኬሚካሉ ተናገራችሁ፣ ቁጥሩን ማን አመነው? ግሬዱን የለካኸው በእጅ በሚያዝ ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ (ንጥረ ነገሮችን በሚያወጡት የኤክስሬይ መስመር የሚለይ መሣሪያ) ከሆነ ባራይት የበዛበት ናሙና ላይ ሴሪየም ይዋሽሃል። የባሪየም ኤል ቤታ መስመር 4.83፣ የሴሪየም ኤል አልፋ 4.84 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ናቸው፤ መሣሪያው ሁለቱን አይለያቸውም። ባራይት ያነሳ ኮንሰንትሬት ጥሩ ሴሪየም ያለው ይመስላል። በ50 ኪሎ ቮልት የሚሠራ ከሆነ የኬ መስመሮቹን ተጠቀም፤ ባሪየም 32፣ ላንታነም 33፣ ሴሪየም 35 ገደማ ላይ ተለያይተው ይታያሉ። ላቦራቶሪ ከላክህም በአሲድ ብቻ እንዲያሟሙት አታድርግ፣ ባራይት አይሟሟም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከተጠቀሙ ደግሞ ሬር ኧርዙ ፍሎራይድ ሆኖ ታች ይቀራል። በሊቲየም ሜታቦሬት ወይም በሶዲየም ፐርኦክሳይድ ቀልጦ ይለካ በል።

ሁለተኛ፣ ደቃቁን አላወጣህም። ካልሳይት ለስላሳ ነው፣ ባስትናሳይቱ እስኪላቀቅ ስትፈጭ እሱ ዱቄት ይሆናል። ከ10 ማይክሮን በታች ያለው ካልሳይት ኮሌክተር ይጠጣል፣ ከአረፋው ውሃ ጋርም ሳይያዝ ተጎትቶ ይወጣል። ከ5 በመቶ በታች ጠጣር አድርገህ፣ ትንሽ ሶዲየም ሲሊኬት ጨምረህ፣ በጥባጭ ዕቃ አናውጠህ አስቀምጠው። 10 ማይክሮን ካልሳይት 10 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ 18 ደቂቃ ይፈጅበታል። 18 ደቂቃ ሲሞላ የላይኛውን 10 ሴንቲ ሜትር በቱቦ ቅዳ። ባስትናሳይት ስለሚከብድ በዚያ ጊዜ የሚያመልጥህ ከ6.5 ማይክሮን በታች ያለው ብቻ ነው። የቀዳኸውን ሳታስለካ ግን እንዳትደፋው።

ሦስተኛ፣ ከማንሳፈፍ በፊት መግነጢስ ሞክር። ባስትናሳይት በጠንካራ መግነጢስ ይሳባል፣ ከ1 ቴስላ በላይ ያስፈልገዋል። ካልሳይትና ባራይት አይሳቡም። በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ (ማዕድናትን በክብደት በሚለይ መሣሪያ) ብትሞክር ካልሳይቱ ይሄድልሃል፣ ባራይቱ ግን ከውሃ ሲነጻጸር ክብደቱ 4.5 እጥፍ ነው፣ ባስትናሳይቱ 5 ገደማ፤ አይለያዩም።

ጉጉ_ሜታለርጂስት

እናመሰግናለን፣ ብዙ ነው ያገኘሁት። ግሬዱ በእጅ መሣሪያ የተለካ ነው፣ ስለዚህ ያ ሁሉ አጠራጣሪ ሆኗል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ሴሉ አክሪሊክ ነው፣ ሙቀቱን ይችላል? ሌላው፣ ማሞቁን ትቼ በሃይድሮክሳሜት ብሠራስ? ቻይና ባያን ኦቦ ላይ በዚያ ነው የሚሠሩት ሲባል ሰምቻለሁ።

አረፋ_ገፋፊ

አክሪሊክ ከ80 ዲግሪ በላይ መለስለስ ይጀምራል፣ ከ90 አልፎ ይጣመማል። ማሰሮው ውስጥ አማስለህ 60 ዲግሪ ሲወርድ ገልብጠው። ኮሌክተሩ አንዴ ከተቀመጠ ለማንሳፈፉ ያን ያህል ሙቀት አያስፈልገውም። የሚያዋጣው ግን የብረት ሴል ነው።

ሃይድሮክሳሜቱን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ ርካሹን መንገድ እጨርሳለሁ። ሃይድሮክሳሜት ከቶል ኦይል ብዙ እጥፍ ይወደዳል፣ ውሃህ ሳይስተካከል ከገባ ገንዘብህን ነው አረፋ የምታደርገው።

ኬሚስቷ

እኔ ደግሞ አልስማማም። ሙቅ ሳህንና የብረት ሴል ለማያገኝ ሰው ሃይድሮክሳሜት ቀላሉ መንገድ ነው። አዎ፣ ባያን ኦቦ ባስትናሳይትና ሞናዛይት አብረው ያሉበት ነው፣ ናፍቲል ሃይድሮክሳሚክ አሲድ ከውሃ ብርጭቆ (ሶዲየም ሲሊኬት) ጋር ይጠቀማሉ።

ልዩነቱ ትስስሩ ላይ ነው። ሃይድሮክሳሜት የብረታ ብረቱን አዮን በሁለት ኦክስጅን ይዞ ባለ አምስት አባል ቀለበት ይሠራል። በአሴቶሃይድሮክሳሚክ አሲድ የተለኩት የትስስር ጥንካሬ ሎጋሪዝሞች እንዲህ ናቸው፦ ካልሲየም 2.4፣ ላንታነም 5.16፣ ሴሪየም 5.45። በካልሲየምና በሴሪየም መካከል ሦስት ዲጂት፣ አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ካርቦክሲል ይህን የመሰለ ምርጫ የለውም።

ግን የዚያኑ ዝርዝር ቀጣይ መስመር አንብብ፦ ባለ ሦስት ቻርጅ ብረት 11.42። ወፍጮህ የብረት ኳስ ነው። ከኳሶቹ የተፋቀውና ዝገቱ ሃይድሮክሳሜቱን ቀድሞ ይወስደዋል። ፐልፑ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ካየህ ያ የብረት ሃይድሮክሳሜት ነው፣ ኮሌክተርህ እዚያ አልቋል። በሴራሚክ ኳስ ፍጭ። ወይም ከፈጨህ በኋላ በደካማ መግነጢስ የብረት ፍቃፊውን ልቀም፤ ደካማ መግነጢስ ባስትናሳይቱን አይነካም።

ኦክታኖሃይድሮክሳሚክ አሲድ በቀዝቃዛ ውሃ እምብዛም አይሟሟም። ለ500 ግራም በቶን 0.5 ግራም መዝን፣ ከ0.2 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በ50 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሟሟ። በየቀኑ አዲስ አዘጋጅ፣ ያደረ ይበላሻል። ፒኤች ከ9 እስከ 9.5 አድርግ። የአሲዱ ፒኬኤ 9 አካባቢ ስለሆነ እዚያ ላይ ግማሹ አዮን ግማሹ ሙሉ ሞለኪውል ሆኖ አብሮ ይገኛል፣ ከፍተኛው መቀመጥም የሚታየው እዚያ ነው። ፒኤች 10.5 ላይ ብትሠራ ሁሉም አዮን ይሆንና ይወርድብሃል። ሶዳ አሹ ይቀጥል፣ ካልሲየሙን የሚያወርደው እሱ ነው። ውሃ ብርጭቆውን ከ500 ግራም በቶን ጀምረህ ወደ ላይ ሂድ፣ ከበዛ ባስትናሳይቱንም ይይዘዋል። የማማሰያ ጊዜውን አታሳጥር፤ ሃይድሮክሳሜት ለመቀመጥ ከኦሌት ይዘገያል፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ስጠው።

ወፍጮ_ቤት

ሁለቱ ሲከራከሩ አንተ ናሙናውን አራት ቦታ ክፈል። አንዱን ሶዳ አሽ ብቻ ቀይረህ በያዝከው ኦሌት፣ ኦሌቱን ግን ወደ 300 ግራም በቶን አውርደው። አንዱን ደቃቁን አውጥተህ። አንዱን በሙቁ መንገድ፣ አንዱን በሃይድሮክሳሜት። ሁሉንም በተጣራ ውሃ ሳይሆን በምትሠራበት ውሃ ሞክር፣ ከአንዱ ሙከራ የተመለሰ ውሃ ከሴል ወደ ሴል እንዳይሻገርም ተጠንቀቅ። ሊግኖሰልፎኔትና ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ለሚቀጥለው ሙከራ ከገባ ውጤቱ የየትኛው እንደሆነ አታውቀውም። ሴሉንም በየመካከሉ በሙቅ ሶዳ ውሃ እጠበው፤ ግድግዳው ላይ የቀረ ቶል ኦይል ሃይድሮክሳሜቱ የሠራ ያስመስለዋል።